ከቁልፉ በፊት ያለው ሥራ፦ ከራጅ ባለሙያ ጋር ትውውቅ

ከቡሬ፣ ከጅጋ ወይም ከደምበጫ ገጠር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረሰ ሕመምተኛ «ራጅ ተነሥተው ይምጡ» ሲባል የሚያገኘው የራጅ ባለሙያውን ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለሙያ የሚያውቀው ከመከለያ ጀርባ ቆሞ ቁልፍ ሲጫን ነው። ጨረሩ ግን የሚለቀቀው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ያልቃል።

መጀመሪያ የትእዛዝ ወረቀቱ ይነበባል። ስሙ ከሰውየው ጋር ይገጥማል? የታመመው ቀኝ ነው ግራ? ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ትሆን? ወረቀቱ ቀኝ ብሎ ሕመምተኛው ግራውን ካሳየ ባለሙያው በግምት አያነሣም፤ ሐኪሙን ይጠይቃል። ከዚያ ቀኝና ግራ እንዳይምታታ ከእርሳስ የተሠራ ምልክት ከአካሉ ጎን ያስቀምጣል።

የደረት ራጅን እንይ። «እማማ፣ መስቀልዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ ሹሩባዎንም ወደ ላይ ይያዙት።» ማተብ መበጠስ አያስፈልግም፤ ብረቱ ከሳንባው ላይ ከተነሣ ይበቃል። ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ ግን የሳንባን ጫፍ ጥላ ያለብሰዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ነው። ቀጥሎ ሕመምተኛዋ ደረታቸውን ምስሉን ከሚቀበለው ሰሌዳ ያስጠጋሉ፣ የትከሻ አጥንት ሳንባን እንዳይሸፍን ትከሻቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ። የጨረሩ ቱቦ ከሰሌዳው 1.8 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከቀረበ ልብ ከልኩ ገዝፎ ይታያል። «አየር ይሳቡ፤ ይያዙት!» ትንፋሹ በደንብ ካልተሳበ ጤነኛ ሳንባም የታመመ ሊመስል ይችላል።

ስብራት ሲሆን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ከበቅሎ ወይም ከዛፍ የወደቀ፣ በባጃጅ የተገጨ፣ ወጌሻ ዘንድ ቆይቶ የመጣም አለ። አንድ አጥንት ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን፣ ይነሣል፤ ከፊት ያልታየ ስንጥቅ ከጎን ሊገኝ ይችላልና። እግሩ በሕመም የማይዞር ከሆነ ባለሙያው እግሩን አያዞርም፤ ቱቦውን ያዞራል።

የጀርመኑ ፊዚሲስት ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር በ1895 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ ጉዳቱ ገና አልታወቀም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ጣታቸውን፣ ሕይወታቸውንም ያጡ አሉ። ዛሬ ባለሙያው ደረቱ ላይ የጨረር መለኪያ ያደርጋል፤ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚደርስበት ጨረር የአምስት ዓመት አማካዩ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት ማለፍ የለበትም። ኢትዮጵያም በ1993 እ.ኤ.አ. የጨረራ መከላከያ አዋጅ አውጥታለች። ርቀትም ጋሻ ነው፦ ከጨረሩ ምንጭ በእጥፍ የራቀ ሰው የሚደርስበት ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጇ ራጅ ሲነሣ የምትይዘው እናት የእርሳስ ሽርጥ ትለብሳለች፤ ካረገዘች ግን ሌላ ሰው ይይዛል። አልትራሳውንድ ግን የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ የጨረር ስጋት የለበትም።

«ወንድምዓለም፣ ምን አየህ?» የሚለውን ጥያቄ ባለሙያው በየቀኑ ይሰማዋል። ምስሉን አንብቦ በሽታውን መናገር የሐኪም ድርሻ ነው። አስቸኳይ ነገር ካየ ግን ወረፋ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ያሳውቃል። የደበዘዘ ወይም የተንቀሳቀሰ ምስልንም ለይቶ መድገም አለመድገሙን ይወስናል፤ መድገም ተጨማሪ ጨረር ነውና።

ለተነሺው የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው፤ እርግዝና ከጠረጠሩ ሳይጠየቁ መናገር፣ የቀድሞ ፊልም ካለ ይዞ መምጣት። የዳነ ነቀርሳ ጠባሳ ከአዲስ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ሐኪሙ የዛሬውን ከአምናው ጋር አስተያይቶ ለውጥ ካላገኘ፣ ሕመምተኛው ከማያስፈልግ መድኃኒትና ባሕር ዳር ድረስ ከመላክ ሊድን ይችላል።