ባዮሎጂን ስለ መማር፤ የእንዶድ ጥናት እንደ ምሳሌ

በባዮሎጂ ክፍል የመጀመሪያ ዓመታቸውን የሚያሳልፉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። እንስሳትንና ዕፅዋትን ለማወቅ የመጣን ሰዎች ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ለምን እንማራለን? የቅጠላ ቅጠሉን ሁሉ ስም በላቲን ማጥናትስ ምን ይረባናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በጠቅላላ አነጋገር ከመመለስ ይልቅ በሀገራችን ሊቃውንት የተፈጸመ አንድ ሥራ ማሳየት የተሻለ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የእንዶድን ጥናት ተከትለን እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት በየት በኩል እንደሚያገለግል ለመግለጽ እንሞክራለን።

1. የበሽታው ጠባይ

የቢልሃርዝያን ትል እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ግን እስከ 1915 ድረስ በውል አልተረጋገጠም ነበር። በዚያ ዓመት ሊፐር የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ ግብፅ ውስጥ ባደረገው ጥናት ትሉ የሕይወቱን አንድ ክፍል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያሳልፍ አስረዳ።

በሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የተባለው፥ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት ነው። የትሉ ዕንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ይራባል፤ ከሳምንታትም በኋላ ጅራታቸው እንደ መንሽ የተከፈለ ብዙ እጮች ወደ ውሃው ይወጣሉ። እነዚህም የሚዋኘውን ልጅ፥ ውሃ የምትቀዳውን ሴት ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ይህን የሚያስተምረን የጥገኛ ተባዮች ትምህርት ነው።

2. የመመልከት ሥራ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ነገሩን በዚህ አልተዉትም። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ከፍ ብሎ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ቦታ እንድትጨምር ጠየቋት፤ እነዚያም ሞቱ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የቀንድ አውጣውን ሞት ቁም ነገር አድርጎ ለማየት ግን ቀንድ አውጣው ከበሽታው ጋር ያለውን ግንኙነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛም የሞቱትን ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና። ማስረጃ መሆን የጀመረው ሕያዋኑ በተሞከሩ ጊዜ ነው።

3. የስምና የኬሚስትሪ ጥቅም

ይኸው ተክል በአማርኛ እንዶድ፥ በትግርኛ ሽብቲ፥ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚለው የሳይንስ ስሙ ግን በየትም ሀገር ያለ ተመራማሪ ስለ የትኛው ተክል እንደምንናገር ያለ ጥርጥር እንዲያውቅ ያደርገዋል። ደግሞም እንዶድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ስለሆነ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ልዩ ልዩ የእንዶድ ዘሮችን ሰብስበው እያነጻጸሩ ኃይለኞቹን ሲመርጡ የዕፅዋት ትምህርት መሣሪያቸው ነበር።

ገዳዩ ነገር ሳፖኒን የተባለው፥ በውሃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር መሆኑን ያረጋገጠው ኬሚስትሪ ነው። ምን ያህል መጠን ቀንድ አውጣን እንደሚገድል፥ ዓሣንም እንደሚጎዳ፥ የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል ግን እንደማያጠፋ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው። ዕንቁላሉ ስለሚተርፍ መድኃኒቱ በየጊዜው መደገም አለበት።

4. የቁጥር ጥቅም

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የበሽታው መጠን ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፥ በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር፥ አስቀድሞ የተያዘ ጎልማሳ ወንዙ ቢጸዳም በሽተኛ ሆኖ ይቆያል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ሕፃን ግን ሊያዝ የሚችለው በአዲስ መተላለፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የወንዙን ሁኔታ ይበልጥ የሚነግረን የልጆቹ ቁጥር ነው። ስታቲስቲክስን እንደ ሸክም የሚቆጥር ተማሪ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ትርጉማቸውን ሳይረዳ ያልፋል።

5. ለእኛ የሚተርፈው ሥራ

ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በሽታው ግን አልጠፋም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ ሆኖም የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ የቀንድ አውጣው፥ የመጸዳጃውና የንጹሕ ውሃው ጉዳይ ገና ሥራ ይጠብቀዋል።

የትሉን የሕይወት ዑደት በቃል አጥንቶ ለፈተና መጻፍ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከፈተናው በኋላ መርሳትም እንዲሁ። በአንጻሩ በማይክሮስኮፕ ያየውን መጽሐፉ እንደሚለው ሳይሆን ራሱ እንዳየው የሚሥል፥ ለዕረፍት ወደ ሀገሩ ሲሄድ የዕፅዋቱን ስምና ጥቅም ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቆ በማስታወሻው የሚጽፍ ተማሪ፥ ገና ዲግሪውን ሳይቀበል ምርምር ጀምሯል ለማለት ይቻላል። መምህራኖቻችንም የላቦራቶሪውና የመስክ ጉዞው ሰዓት በሌላ ትምህርት እንዳይሸፈን ቢጠብቁልን ትልቅ እርዳታ ይሆናል።