የፍሬን ወጪ የሚወሰነው መንገድ ላይ ነው

መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፤ «ሸራው አልቋል፣ ዲስኩም ተበልቷል፣ ሁለቱም ይቀየር።» ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ስንት ብር ነው የሚለው ብቻ ይሆናል። ከዋጋው በፊት ግን መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ጉዳዮች አሉ። ሸራው በዚህ ፍጥነት ለምን አለቀ? ዲስኩስ የግድ አብሮ መቀየር ነበረበት? መልሱን የሚሰጠን ፊዚክስ ነው። ይህን የተረዳ ባለመኪና ከወጪው ብዙውን ክፍል አስቀድሞ መቀነስ ይችላል፤ ችላ ያለው ደግሞ በትንሽ ገንዘብ የሚያልፈውን ጥገና በብዙ እጥፍ ይከፍልበታል።

እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት

የሚሄድ መኪና ጉልበት ተሸክሟል። ሲቆም ያ ጉልበት አይጠፋም፤ ሸራው የሚሽከረከረውን ዲስክ ጨምቆ ሲይዘው በፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የያዘው ጉልበት 116 ሺህ ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ጉልበቱ በአራት እጥፍ አድጎ ወደ 463 ሺህ ጁል ይጠጋል። ይህ ሙቀት ከአንድ ሊትር ከሩብ በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬኑ ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን ከሥራው 70 በመቶ ያህሉን የሚወጡት የፊት ፍሬኖች ናቸው። አንዱ የፊት ዲስክ 6 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማቆም የዲስኩን ሙቀት በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የፊት ሸራ ከኋላው ቀድሞ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የፍጥነት እጥፍ በአራት እጥፍ የሚያስከፍል በመሆኑ፣ ከፊት ያለውን መንገድ አስቀድሞ አይቶ የነዳጅ ፔዳሉን በጊዜ የሚለቅ ሾፌር ሸራውን በእርግጥ ያቆየዋል።

እንዲያልቅ የተሠራው ክፍል

ሸራ በብረት ሰሌዳ ላይ የተጣበቀ ድብልቅ ነው። በውስጡ ሁሉንም የሚያያይዝ ሙጫ፣ ጥንካሬ የሚሰጡ ክሮች፣ ግራፋይትና ፍትጊያን የሚጨምሩ ማዕድናት አሉ። ዲስኩ ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ይሠራል፤ በብረቱ ውስጥ የተበተነው ግራፋይት ሙቀትን ቶሎ ያሰራጫል። ሁለቱ ሲፋተጉ በዋናነት የሚያልቀው ሸራው እንዲሆን ታስቦበታል፤ ከዲስኩ ይልቅ እሱን መቀየር ቀላልና ርካሽ ነውና።

የአዲስ ሸራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር አለበት። በብዙ ሸራዎች ላይ የተገጠመችው ትንሽ የብረት ምላስ በዚህ ደረጃ ዲስኩን መንካት ትጀምርና ስል የሆነ ጩኸት ታሰማለች። ያን ድምፅ ሰምቶ በሳምንቱ ጋራዥ የገባ ሰው የሸራ ዋጋ ከፍሎ ይወጣል። ያለፈው ሰው ግን ሙጫና ማዕድኑ ተሟጦ የሸራው የብረት ሰሌዳ ዲስኩን ማረስ ይጀምርበታል። ያኔ ዲስኩ ይጨመራል። ቆይቶም ሸራውን የሚጨምቀው የካሊፐሩ ፒስተን ከልኩ በላይ ወጥቶ ጎሚኒው ይጎዳና ካሊፐሩ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። የወጪው ሰንሰለት የሚረዝመው በዚህ መንገድ ነው።

ዲስክ መቼ ይቀየራል?

ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስክ መቀየር ግዴታ አይደለም። አምራቹ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በብዙ የቤት መኪኖች ከአዲሱ ውፍረት የሚያንሰው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መካኒኩ በዓይን ብቻ ሳይፈርድ በመለኪያ እንዲለካው መጠየቅ ተገቢ ነው። ፊቱ የሻከረ፣ ነገር ግን ውፍረት የተረፈው ዲስክ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል፤ ይህም ከተስተካከለ በኋላ ከዝቅተኛው ልክ በታች የማይወርድ ከሆነ ብቻ ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው በተመሳሳይ አያያዝ የበለጠ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ወይም መሪው ቢንቀጠቀጥ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተፈጠረው የውፍረት ልዩነት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች ጥቂቱ እንኳ በእግር ይታወቃል። ዲስኩ የሚያርፍበት የብረት ፊት ዝገቱ ሳይጸዳ ሲገጠም፣ ወይም የጎማ ብሎኖች እኩል ሳይጠብቁ ሲቀሩ አዲስ ዲስክም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ወደዚህ ችግር ይገባል። ማጽዳቱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። አንዱ ሸራ አልቆ ጓደኛው ሳይነካ ከተገኘም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ሳይደርቁ አልቀሩም፤ እነሱን ሳያጸዱና በተገቢው ግራሶ ሳይቀቡ ሸራ ብቻ መቀየር ያንኑ ወጪ በቅርቡ ይደግማል።

ቁልቁለቱና ማርሹ

በአገራችን የፍሬን ዕድሜ ከሚፈተንባቸው መንገዶች አንዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ያ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት ከ15 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት መልቀቅ አለበት፤ ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ30 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከጉልበቱ ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። ቀሪውን የሚካፈሉት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው፤ ድርሻቸውን የሚወስነው ሾፌሩ የሚያስገባው ማርሽ ነው።

በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ሸክም ለሞተሩ ይሰጣል። በዜሮ ማርሽ የሚወርደው ደግሞ ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ ሁሉንም በሸራው ላይ ይጭናል፤ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ ዘመናዊ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ ስለሚያቋርጡ ቁጠባው ራሱ የለም። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ሙጫው መበስበስ ይጀምራል፣ ፍትጊያውም ይደክማል፤ ሾፌሩ አጥብቆ እየረገጠም መኪናው አይያዝም።

ሁለተኛው አደጋ የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው ልክ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚመክሩት ይህን ለመከላከል ነው። ከጠቅላላው የፍሬን ወጪ ይህ ከትንንሾቹ አንዱ ሲሆን የሚያድነው ግን ሕይወት ነው።

ገበያው

ሸራና ዲስክ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ ዋጋቸው ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ጊዜ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ርካሹን ማንሳት ያጓጓል። በሸራ ላይ ግን ርካሽ የሚሆነው በኪሎ ሜትር ሲሰላ የሚያዋጣው ነው። ቶሎ የሚያልቅ ሸራ የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ ዲስኩን ይበላል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 የጸደቀለት መለዋወጫ ሸራ የፍሬን አቅሙ ከመኪናው የመጀመሪያ ሸራ ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኗል፤ ይህን የሚያሳየው ምልክት በሸራውና በካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ሸራ ሁልጊዜ የሚቀየረው በቀኝም በግራም ነው፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ከተቀየረ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን ማስወገድ ይገባል፤ ሸራውና ዲስኩ ሙሉ ፊታቸው የሚገጥመው በለዘብተኛ አያያዝ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ቤተሰቦች በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን እምብዛም የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፣ ዘንጎቹም ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ሸራው ባያልቅም መፈተሽ አለበት። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን እስከ አፉ አለመሙላት ብልህነት ነው።

በመጨረሻ፣ ከሸራው የተፈጨው ዱቄት የሚሄደው ወደ አየርና ወደ ሳንባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሬን ብናኝን ገድቧል፤ ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች በኪሎ ሜትር 7 ሚሊ ግራም፣ ለሙሉ ኤሌክትሪኮቹ 3 ሚሊ ግራም ነው። በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ ካንሰር አምጪው አስቤስቶስ ነበረ። መካኒኮቻችን ጎማ ሲፈቱ ብናኙን በኮምፕረሰር እንዲነፉት መፍቀድ የለብንም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን። የፍሬን ዋጋ ስንል የእነዚህን መካኒኮች ጤናም ማስላት አለብን። የአንድ ሸራ ዕድሜ የሚረዝመው በርጋታ ሲነዳ፣ በከባድ ማርሽ ሲወረድና ውፍረቱ በየጊዜው ሲለካ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለመኪና ገንዘቡን፣ የመካኒኩን ሳንባና መንገድ የሚሻገረውን ሕፃን አንድ ላይ ይጠብቃል።