የአሮጌ የጃፓን ሰይፍ ዕድሜና የእድሳቱ ዋጋ እንዴት እንደሚመረመር

አንድ አሮጌ የጃፓን ሰይፍ በእጁ የገባ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ሰይፉ ስንት ዘመን ሆነው? ቢታደስስ ለወጪው ይበቃል ወይ? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው ከአንድ ቦታ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳይመረምር ሁለተኛውን ሊፈርድ የሚችል ሰው የለም። ጥፋትም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እድሳቱ ምርመራውን ሲቀድመው ነው። ባለቤቱ ሰይፉን አሳምራለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ሲፈትገው የዕድሜውን ምስክር አብሮ ይፍቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጥቂት ሰብሳቢዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጃፓን በ1945 ከተሸነፈች በኋላ አገሩን የያዘው ጦር ሰይፎችን ከሕዝቡ እጅ ሰበሰበ፤ ብዙዎቹ ጠፉ፣ ብዙዎቹንም ወታደሮች ለመታሰቢያ ብለው ወደየአገራቸው ወሰዷቸው። በዚያን ጊዜ በፋብሪካ የተሠራውና የቤተ መቅደስ ቅርስ የሆነው በአንድ ክምር ውስጥ ገብቶ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት የቢዜን ባለእጅ ኩኒሙኔ የሠራውና በካጎሺማ ከተማ የቴሩኩኒ ቤተ መቅደስ ንብረት የነበረው ሰይፍ ከጠፉት አንዱ ነው። ይህ ሰይፍ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የድሮ ዕቃ መሸጫ ተገኝቶ፣ ዋልተር ኮምፕተን የተባሉት አሜሪካዊ ሰብሳቢ በ1963 ለቤተ መቅደሱ መልሰውታል። ከመታወቁ በፊት አንድ ትጉህ ሰው በሞረድ ቢያጸዳው ኖሮ የሚመለስ ነገር ባልተገኘም ነበር።

መርማሪው በቅድሚያ ሰገባውንና እጀታውን ከብረቱ ለይቶ ማየት ይገባዋል። በጦርነቱ ዘመን ብዙ መኰንኖች የአያቶቻቸውን ብረት የወታደር ሰገባና እጀታ አልብሰው ይታጠቁ ነበር፤ ስለዚህ ልብሱ የ1940ዎቹ ሆኖ ብረቱ የ1400ዎቹ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለበታች ሹማምንት በፋብሪካ የወጣውና «ዓይነት 95» የሚባለው ሰይፍ ወዲያው ይታወቃል። ቍጥር በብረቱ ላይ ተመትቶበታል፤ እጀታውም በጥብጣብ የተጠቀለለ እንዲመስል ተደርጎ ከብረታ ብረት የተሠራ ነው። ይህኛው ለጦርነቱ ታሪክ መታሰቢያ ይሆናል እንጂ ለውድ እድሳት የሚበቃ አይደለም።

ዋናው ምስክር ያለው በእጀታው ውስጥ በሚሰወረው የብረቱ ጭራ ላይ ነው፤ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። ጭራውን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ የቀርከሃ ችንካር ብቻ ስለ ሆነ፣ እርሱን በቀስታ ገፍቶ አውጥቶ እጀታውን መሳብ ይቻላል። ሰይፉ ስንት ጊዜ ቢሳልና ቢወለወል ይህ ጭራ በፍጹም አይነካም፤ ዝገቱ በዘመናት ብዛት እንዲከማች ይተዋል። የአምስትና የስድስት መቶ ዓመት ጭራ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ መልክ አለው፤ ዝገቱም ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ለስለስ ይላል። ቀይ ሆኖ በጣት ላይ የሚቀር ዝገት ግን ወይ የቅርብ ጊዜ ነው፣ ወይም ገዢን ለማታለል በመድኃኒት የተፈጠረ ነው። በሌላ የብረት ሥራ ጠላት የሆነው ዝገት እዚህ እንደ ብራና መነበቡ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ የዚህን ጭራ ዝገት የፈገፈገ ሰው የሰይፉን የልደት ወረቀት እንደ ቀደደ ይቈጠራል።

በጭራው ላይ የችንካር ቀዳዳ ከአንድ በላይ ከሆነ ሰይፉ ከጊዜ በኋላ ያጠረ መሆኑን ያመለክታል። በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት እጅግ ረዣዥም ሰይፎች በኋለኛው ዘመን ለእግረኛ ውጊያ እንዲመቹ ከጭራቸው በኩል ሲቈረጡ፣ የሠሪው ስም አብሮ ተቈርጦ ቀርቷል። ስም የሌለው ሁሉ ተራ ነው ማለት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስም ያለው ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። የታላላቅ ባለእጆች ስም ከጥንት ጀምሮ በሐሰት ሲቀረጽ ኖሯል። ዝነኛው ማሳሙኔ በራሱ ሥራዎች ላይ ስሙን የቀረጸው ከስንት አንድ ነው፤ ስለዚህ «ማሳሙኔ» የሚል ጽሕፈት ያየ ሰው ከመደሰቱ በፊት ቢጠረጥር ይሻለዋል። ለማመሳከርም የፊደሉን ጭረት ውስጥ መመልከት ነው፤ ጭራው ጠቍሮ ጭረቱ ነጣ ያለ ከሆነ ስሙ ከብረቱ በኋላ የመጣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ቅርጽ ይታያል። የ12ኛው መቶ ዓመት ሰይፍ ቀጠን ያለ ሆኖ ጫፉ ትንሽ ነው፤ ጉብጠቱም ወደ እጀታው ይቀርባል። የ14ኛው ሰፊና ባለ ትልቅ ጫፍ ነው። ከዚያ በኋላ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በመቀነት የሚሻጠው አጠር ያለ ሰይፍ መጣ፤ በ1660ዎቹ የተሠሩት ደግሞ ቀጥ ወደማለት ያደላሉ። ነገር ግን ቅርጽ ብቻውን ያሳስታል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሱይሺንሺ ማሳሂዴ የተባለው ባለእጅ ወደ ጥንቱ አሠራር እንመለስ ብሎ ስላስተማረ፣ እርሱና ተከታዮቹ የጥንቱን ቅርጽ እንደ ገና ሠርተዋል። ልዩነቱን የሚገልጠው ውፍረቱ ነው፤ ስድስት መቶ ዓመት ሲወለወል የኖረ ብረት ይሳሳል፣ የኋለኛው አምሳያ ግን ከባድና ሙሉ ነው።

ይህ የውፍረት ነገር በቀጥታ ወደ እድሳቱ ጥያቄ ያገባናል። ባለእጁ ብረቱን ቀጥቅጦ ሲጨርስ ጭቃ ይቀባዋል፤ በጀርባው በኩል ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ አድርጎ ነው። አግሎ በውሃ ሲነክረው ጭቃው የሳሳበት ስለት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ ጀርባው ለዘብ ብሎ ይቀራል። የሁለቱ ድንበር እንደ ነጭ ጉም ሆኖ በብረቱ ላይ ይታያል፤ ስሙም ሃሞን ነው። ይህ ጠንካራ ክፍል ጠባብ ጠርዝ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ውልወላ ከላዩ ጥቂት ይወስዳል። የብዙዎቹ ሰይፎች የውጭ ቆዳም በለስላሳ የውስጥ ብረት ላይ የተደረበ ስለ ሆነ፣ ቆዳው ሲያልቅ መልክ የሌለው ደብዛዛ ብረት ብቅ ይላል። እንግዲህ እድሳት ማለት ከማይተካ ሀብት ላይ ወጪ ማድረግ ማለት ነው። ምን ያህል እንደ ቀረ የሚያሳዩት ብረቱና ጭራው የሚገናኙባቸው ሁለት እርከኖች ናቸው፤ ጥልቅ ከሆኑ ሰይፉ ጤነኛ ነው፣ ጠፍተው ከሆነ ግን አልቋል።

የላይ ዝገት፣ ትንሽ ስብራት፣ መጠነኛ መጣመም ይታደሳሉ። በስለቱ ላይ አግድም የገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ግን አይታደስም፤ ሃሞኑ ተበልቶ ያለቀበትም እንዲሁ። እሳት የነካው ሰይፍ ጥንካሬውን ያጣል፤ እንደ ገና ቢነከርም የመጀመሪያው ሠሪ ሥራ መሆኑ ይቀራል። ሆኖም ለዚህ ደንብ መጠነኛ ልዩነት አለው። በ1615 የኦሳካ ግንብ ሲወድቅ ከተቃጠሉት ዝነኛ ሰይፎች አንዳንዶቹን የኤቺዜኑ ያሱትሱጉ እንደ ገና ነክሮ አድኗቸዋል። በሾገን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ትእዛዝ በ1719 በተዘጋጀው የዝነኛ ሰይፎች መዝገብም የተቃጠሉ ሰይፎች ገብተዋል። በእኔ አስተያየት ይህ የታሪክን ዋጋ እንጂ የጥበብን ዋጋ የሚያሳይ አይደለም፤ ታሪክ የሌለው የተቃጠለ ሰይፍ ይህን መብት አያገኝም።

ወልዋዩ ከሻካራ ድንጋይ ጀምሮ እየለሰለሰ በሚሄድ ድንጋይ ይሠራና፣ በመጨረሻ በአውራ ጣቱ ሥር በያዘው ስስ የድንጋይ ቅጠል ይጨርሳል። ለተራ ሰይፍም ሆነ ለምርጥ ሰይፍ ድካሙ አንድ ስለ ሆነ፣ ተራውን ሰይፍ ማሳደስ ብዙ ጊዜ ከሰይፉ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ለዚህ መላው ወልዋዩ በብረቱ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ከፍቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። በዚያች መስኮት የብረቱ መልክና ሃሞኑ በጎ ሆነው ከታዩ፣ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች መጠበቂያ ማኅበር ሰይፉን መርምሮ ከአራት የምስክር ወረቀት ደረጃዎች በሚገባው ሊመድበው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ ብረቱን በባዶ ጣት ሳይነካ፣ ስስ ዘይት ቀብቶ፣ በራሱ ሰገባ ውስጥ ከእርጥበት ርቆ እንዲቀመጥ ቢያደርግ በቂ ነው።