«ሐኪም መሆን ካልሆነላት ነርስ ትሁን»፦ ስለ ነርስነት የምናምነውና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን በላሊበላና በላስታ ቀበሌዎች በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ምክክር ይካሄዳል። ልጅቷ አልፋለች፤ ሕክምና ለመግባት ግን ነጥቧ አልበቃም። አጎት፣ የክርስትና አባትና ጎረቤት ይሰበሰቡና «በቃ ነርስ ትሁን፣ እሱም አንድ ነገር ነው» ተብሎ ይወሰናል። ነርስ መሆኗ መልካም ነው። ውሳኔው የቆመበት እምነት ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ሁለት ነው። ለሙያው ልብ የሌለውን ልጅ ይገፋበታል፤ ሊገባበት የሚመኘውን ደግሞ «ምን አነሰህና» ብሎ ያስቀረዋል። በኋላ በሌሊት ተረኛ ፊት የሚተኛው በሽተኛ የዚህን ዋጋ ይከፍላል።

«ነርስ የሚሆነው ሐኪም መሆን ያቃተው ነው»

እውነታው፦ ሕክምናና ነርስነት የአንድ መሰላል የላይና የታች እርከን አይደሉም። ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ የሕክምናውን መንገድ ይወስናል። ነርሷ የታመመውን ሰው ሌትና ቀን ትከታተላለች፦ ትንፋሹን፣ ግፊቱን፣ ሽንቱን፣ ቁስሉን፣ ሕመሙን፣ መድኃኒቱ የሠራለትና ያልሠራለት መሆኑን። በዲግሪ ደረጃ ትምህርቱ 4 ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና፣ በቀዶ ሕክምና ነርስነት የማስተርስ ትምህርት አለ። ነርስ ትምህርቷን በገፋች ቁጥር የበለጠ ነርስ ትሆናለች እንጂ ግማሽ ሐኪም አትሆንም።

ሙያው የተረፈ ነገር ማንሻ ነው ለሚል ሰው የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀቷን አገኘች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናት፤ የፈለገችውን ልትማር ትችል ነበር። እሷ ግን የታመመ ሕፃን የሚታጠብበትንና ቁስሉ የሚታሰርበትን ሥራ መረጠች። ወደ አገሯ ተመልሳ፣ አግብታ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። ዕድሜዋ 22 ነበር። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው፤ ነርሶችም ሠልጥነውበታል።

ይህን ታሪክ ለላስታ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ደጋ ነርስ ለመሆን የሚመኙ ልጆች «ለምን?» ሲባሉ ብዙዎቹ የሚያነሡት የቤታቸውን ኀዘን ነው፦ በቃሬዛ ስትወርድ መንገድ ላይ ያለፈች እናት፣ ደም ፈሷት የሞተች እህት፣ ሳል ጀምሮት በሦስተኛው ቀን የተቀበረ ታናሽ ወንድም። ይህን የመሰለ ምክንያት ያለውን ልጅ «ነጥብ ስላነሰው ነው» ብሎ መተርጎም ግፍ ነው።

«ነርስ መርፌ ትወጋለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ ሌላው የሐኪም ነው»

ይህ እምነት ላሊበላ ሆስፒታል ውስጥ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። ከከተማ ወጥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ብልባላ መስመር የሄደ ሰው ግን እዚያ ባለው ጤና ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አያገኝም። የሚያገኘው የጤና መኮንን፣ ነርስና አዋላጅ ነው። በአገሪቱ አሠራር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው። ያንን ሕዝብ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝለት፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ለይቶ ወደ ሆስፒታል የሚልከው እነሱው ናቸው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልንገር። በደጋው ብርድ የሚያስል ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ራጅ የለም። ነርሷ ልብሱን ገልጣ፣ ሰዓቷን ይዛ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሳበ መሆኑን፣ ጡት መጥባት እንደቻለ፣ እንደተንቀጠቀጠ ታያለች። በእነዚህ ምልክቶች ልጁ ሽሮፕ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ወይም አምቡላንስ እንዲጠራለት ትወስናለች። እናቲቱ «ቆጠረችና መድኃኒት ሰጠችን» ብላ ትሄዳለች፤ ልጇን ያተረፈው ያ ቆጠራ ነው።

ሌላም አለ። አማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ሲቧጭር ሰውየው ቀስ በቀስ ይታወራል። ይህን የሚያስተካክለውን አነስተኛ ቀዶ ሕክምና በየጤና ጣቢያው የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚሁ በተለየ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ዛሬ ዳዊቱን ራሱ የሚደግም ስንት የላስታ ቄስ፣ ጥጧን ራሷ የምትፈትል ስንት እናት አለች፤ ዓይናቸው በነርስ እጅ እንደተረፈ የሚናገር ግን የለም።

«የሴት ሥራ ነው»

በዓለም ከ10 ነርሶች 9ኙ ሴቶች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ገልጿል። በአፍሪካ የወንዶቹ ድርሻ ከዚያ ከፍ ያለ ነው፤ በአገራችን ሆስፒታሎችም ወንድ ነርስ ብርቅ አይደለም። እንዲያውም አያቶቻችን «ድሬሰር» የሚሏቸው ቁስል አጣቢዎችና መርፌ ወጊዎች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ችግሩ ያለው እኛ በምንሰጠው ክብር ላይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ነርስ በገጠር «ዶክተር» ይባላል፤ ሐኪም የሆነች ሴት ግን «ሲስተር» ተብላ ትጠራለች። ልጃቸውን ወንድ ስለሆነ ብቻ ከዚህ ሙያ የሚያርቁ አባቶች ከባድ በሽተኛ የሚያነሣ፣ ሌሊት በአምቡላንስ ገደል ለገደል የሚሄድ ማን እንደሆነ ቢያዩ መልካም ነበር። በምጥ ላይ ያለች እናት በሴት ልረዳ ማለቷ ግን መብቷ ነው፤ ከተቻለ መከበር አለበት።

«ርኅሩኅ ልብ ካላት ይበቃል»

አይበቃም። ይህን በጽኑ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ሙያውን እያመሰገነ የሚጎዳው ይህኛው እምነት ነው። ርኅራኄ መነሻ ይሆናል እንጂ የመድኃኒት መጠን አያሰላም። በ9 የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ላንሴት» ላይ የወጣ ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። በአንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 7 በመቶ ከፍ ይላል። በዲግሪ የተማሩ ነርሶች ድርሻ 10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ በዚያው በ7 በመቶ ይቀንሳል። የሚያድነው ዕውቀቱና ቁጥሩ ነው።

ርኅሩኋንም የሚሰብራት እዚህ ላይ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት እያወቀች ጓንት፣ ኦክስጅን ወይም ደም ሲጠፋ ቆማ ማየት ከድካም ሁሉ ይከፋል። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንስ ያስቆማል፣ መድኃኒት ያዘገያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራ ላይ የቆየች ነርስ ያቆየቻት ርኅራኄ ብቻ ናት ብሎ መናገር የተሸከመችውን ማሳነስ ነው። ቤተሰቧ፣ ባልደረቦቿ፣ ሙያዋን በደንብ ማወቋ ያቆዩዋታል፤ እነዚህ ሲጎድሉ ደግሞ በጣም ጥሩዋም ትሄዳለች።

«ደም ሲያይ የሚያዞረው ነርስ አይሆንም»

ይሆናል። ደም ሲታይ የልብ ምትና የደም ግፊት ድንገት ዝቅ ስለሚል ነው የሚያዞረው፤ ፈሪነት አይደለም። አብዛኞቹን ተማሪዎች በልምምድ ይተዋቸዋል። ቁርስ በልቶ መግባት፣ ሲጀምር የእግርንና የክንድን ጡንቻ ማጥበቅ፣ ካልሆነም ቶሎ መቀመጥ ይረዳል።

«ነርስ በሽታ ይዞ ቤት ይገባል»

አደጋው አለ፤ የሚፈራው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነው። ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካ መርፌ ነርሷን ቢወጋት የመያዝ ዕድሏ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የተጀመረና ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒትም አለ። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተበች ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ክትባቱ 3 ጊዜ፣ በ6 ወር ውስጥ የሚያልቅ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት መጀመር አለበት፤ ተማሪውም ትምህርት ቤቱን መጠየቅ አለበት።

በገና ሰሞን ላሊበላ እጅግ ብዙ ምእመናን ስትቀበል ሰው ተጠጋግቶ ያድራል። ተስቦና ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፉት እንዲህ ባለ መጨናነቅ ነው። ትኩሳቱን ለይታ ቶሎ የምታሳክም ነርስ በሽታውን ታቆመዋለች እንጂ አታዛምተውም።

«ጸበል የገባ ሰው ነርስ አያስፈልገውም»

ይህ በላስታ በጥንቃቄ የሚነገር ነገር ነው፤ በእምነት ቤት ውስጥ ያደጉ ነርሶቻችን ራሳቸው ጸበል ይጠመቃሉና። ክርክሩ በእምነትና በሕክምና መካከል አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው፤ በሽታው ይመለሳል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። የላስታ ነርስ ከአጥማቂው ካህን ጋር ተነጋግራ በሽተኛው ክኒኑን ይዞ ጸበሉ ቦታ እንዲቆይ ካደረገች ከማንም የበለጠ ሥራ ሠርታለች።

«ሥራ አያጣም፤ ባይሆን ውጭ ይወስዳል»

ድሮ ከጤና ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ተመድቦ ነበር የሚሄደው። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ጤና ጣቢያው የነርስ እጥረት አለበት፤ የተመረቀው ነርስ ደግሞ ቤቱ ተቀምጧል፤ ምክንያቱም መቅጠሪያ በጀቱ የለም። ተመራቂው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና አለበት፤ ለሙያ ፈቃድም ይመዘናል። ከተቀጠረም በኋላ ደመወዙ ከኑሮው ጋር አይመጣጠንም፤ የዱቲ ክፍያ በብዙ ቦታ ወራት ይዘገያል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ጥያቄ አንሥተው ከፊል የሥራ ማቆም እስከማድረግ የደረሱት ለዚህ ነው።

ውጭ አገሩስ? ዋሽንግተንና አካባቢው ኢትዮጵያውያን ነርሶች የሞሉበት ነው፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው እንደ አዲስ ተምረው ነው እዚያ የደረሱት። ከዚህ ተምሮ ለሚሄድ ማስረጃ ማስመርመር፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የአሜሪካውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ኤንክሌክስን ማለፍ፣ ብዙ ገንዘብና ዓመታት አሉበት። እንግሊዝ ደግሞ ኢትዮጵያን የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች መካከል ስለምታያት ቀጣሪዎቿ እዚህ መጥተው እንዲመለምሉ አትፈቅድም፤ በግል የሚያመለክትን ግን አትከለክልም። «በሁለት ወር እልክሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ እየዋሸ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍል ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት፣ ልጆች፣ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ አንዷን ነርስ ጠይቁ፦ አዳር ስንት ጊዜ ይደርስሻል፣ ስንት በሽተኛ ብቻሽን ትይዣለሽ፣ ምን ያስደስትሻል፣ ልትተዪው ያሰብሽው መቼ ነው? መልሱን ሰምታችሁ አሁንም የምትፈልጉት ከሆነ ግቡበት፤ ወላጆችም ልጃችሁ ነርስ ልሁን ሲል ደግሞ ደጋፊ ሁኑ። ወረዳውንና ዞኑን የሚመሩ ሰዎች የሚጠየቁት ሌላ ነው፦ የተመረቁትን የሚቀጥር በጀት ያዙ፣ የሌሊት ተረኛዋ መኝታና ጥበቃ ይኑራት፣ የዱቲ ክፍያዋን በወሩ ክፈሏት።