የባሕር ዳር ቤት ለማን ይከራይ?

ባሕር ዳር ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት የኪራይ ገበያዎች አሉ። አንደኛው በወር ይከፈላል። ተከራዩ መምህር፣ ነርስ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ባጃጅ ነጂ ነው፤ ውሉ ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ ቤቱም በአከራዩ ግቢ ጀርባ የተደረደረ ሰርቪስ ክፍል ነው። ሁለተኛው በአዳር ይከፈላል። ፔንሲዮን፣ ገስት ሀውስ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሙሉ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ ይባላል፤ እንግዳው በደላላ፣ በዘመድ ስልክ ወይም በኢንተርኔት ይመጣለታል።

ሁለቱ የሚሻሙት ተመሳሳይ ቤት ነው፦ ከአስፋልት ያልራቀ፣ ውኃ የማይጠፋበት፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ። እንዲህ ያለ ቤት በሽምብጥም ሆነ በፔዳ አካባቢ ሲገኝ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ያሰላል። ወር ሙሉ ከአንድ ቤተሰብ የሚያገኘውን ኪራይ በጥቂት አዳር ማግኘት ከቻለ፣ ለቤተሰቡ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ይህን ቃል ያልሰማ ተከራይ በከተማዋ ጥቂት ነው።

አከራዩን የሚገፋው ግን ስስት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዓመት የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። ባንክ የተቀመጠ ብር በየወሩ እየሟሸሸ ሲሄድ የተረፈው ሰው ሁሉ ገንዘቡን ወደ ግንብ ለወጠ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ወራት ሳይቆጠሩም ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ ዶላር የያዘ እንግዳና የብር ደመወዝ የሚቀበል ተከራይ በአንድ ገበያ ሊወዳደሩ አይችሉም። ብረቱ፣ ሴራሚኩ፣ የቧንቧው ዕቃ ከውጭ ስለሚገባ አዲስ የሚሠራው ቤትም ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። መንግሥት የሚከፍለው ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልሄደም።

ችግሩን በእንግዳ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ሥሩ ግን ወደ ኋላ ይርቃል። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ስትነደፍ የሠራተኛና የተማሪ ከተማ ትሆናለች ተብሎ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ፤ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎችና ዘንባባዎቹ የዚያ ዘመን ሐሳብ ቅርሶች ናቸው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ከ300 ብር በታች የነበረ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ በዚያ አዋጅ ከመፈናቀል ድኗል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ለ17 ዓመታት ጠፋ። የቀበሌ ቤቶቹም ጣሪያቸው እያፈሰሰ፣ ጭቃቸው እየተፈረፈረ አረጁ፤ በአዳዲስም በሚፈለገው መጠን አልተተኩም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ባሕር ዳርንም ደርሷት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግን ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ቆመ፤ አንዱ ምክንያት በክልል ከተሞች ፈላጊው አነስተኛ ነው የሚል ነበር። ያ ውሳኔ ትልቅ ስሕተት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ180 ሺህ በላይ የከተማ ነዋሪ የነበራት ባሕር ዳር ዛሬ ከዚያ በእጅጉ ትበልጣለች። ምን ያህል እንደምትበልጥ ቆጥሮ የሚነግር የለም፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደምና። ዩኒቨርሲቲው ከፔዳና ከፖሊ አልፎ ይባብና ዘንዘልማ ደርሷል፤ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተከፍቷል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተገንብቷል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ ለሠራተኛው ማደሪያ ግን በቂ ቤት ይዞ የመጣ የለም።

መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ተስፋው የቤት ማኅበር ነው። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ተደራጅተው በዝግ ሒሳብ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ቦታ እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ። የዋጋ ንረቱ ከሁሉ በላይ የጎዳው እነዚህን ሰዎች ነው። ገንዘባቸው በታሰረባቸው ዓመታት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እጥፍ ድርብ ሆነ፤ ቦታው ሲገኝ መሠረት ለማውጣት እንኳ የማይበቃ ብር ይዘው ቀሩ። ብድር እንዳይወስዱ፣ ለቤት የሚያበድረው የመንግሥት ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል፤ የንግድ ባንኮች የቤት ብድርም ለተራ ደመወዝተኛ ሩቅ ነው።

ወደ እንግዳው እንመለስ። ባሕር ዳር እንግዳ የምትስበው በልማድ ብቻ አይደለም። 37 ደሴቶች ያሉት ጣና፣ ገዳማቱ፣ ጢስ ዓባይ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰባሰቡበት የጣና ፎረም፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጠው የአውደ ጥናትና የሥልጠና ጉዞ ከተማዋን መግበዋታል። ለ2014 ዓ.ም. ገና አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ወደ አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ሲቀርብ ዕቃ የተሟላለት ቤት በአዳር ማከራየት የብዙ ባለቤቶች ምኞት ሆነ። ላሊበላ ለገና፣ ጎንደር ለጥምቀት አልጋ የሚጠፋባቸው ከተሞች መሆናቸው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ወደዚያ የሚያልፈው ጎብኚ ባሕር ዳር ላይ ማደሩም የተለመደ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ግን በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ገበያ ሰበረው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በረራ ለቀናት ተቋረጠ፤ ጀልባዎቹ ቆሙ። እንግዳ ሲጠፋ የአዳር ቤት ወደ ወር ኪራይ ተመልሶ ዋጋው ይረግባል ብሎ የጠበቀ ሰው ነበር። ከየወረዳው የጸጥታ ችግር ያፈናቀላቸው ቤተሰቦችና የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ባሕር ዳር በመግባታቸው ግን ፈላጊው ይበልጥ በዛ። የአዳር ኪራይ የእጥረቱ ፈጣሪ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። እጥረቱን ማባባስ ግን ይችላል፤ ሰላም ሲመለስ ደግሞ የሚመለሰው እንግዳ የሚያርፈው በዚሁ በጠበበ ከተማ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች አሉ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከባሕር ዳር ከተማነት በፊት በጣና ዳርቻ ኖሯል፤ ከደንገል ታንኳ ሠርቶ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ስፌት ሰፍቶ። ዳርቻው ለሆቴል፣ ለሎጅና ለመኖሪያ ቦታ ተፈላጊ በሆነ ቁጥር ማኅበረሰቡ ተራ በተራ ወደ ኋላ መገፋቱን ጥናቶች መዝግበዋል። ዛሬም ብዙዎቹ የሚኖሩት በላስቲክና በሣር በተሸፈኑ ጎጆዎች ውስጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ሐይቁንና ከሐይቁ ጋር የሚኖረውን ሰው በአንድነት ለመጠበቅ ነበር። ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል በአዳር በሚሸጥበት ከተማ የሐይቁ ልጆች ማደሪያ ማጣታቸው ሊያሳፍር ይገባል።

ሕግስ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ የተከራይ እሮሮ የሚመልስ ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ተመን ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ነገር ግን አዋጁ ሆቴልን፣ ሪዞርትን፣ ገስት ሀውስንና መሰል የእንግዳ ማረፊያዎችን አይነካም። ለሆቴል ይህ ተገቢ ነው። አንድ የመኖሪያ ቤት ግን አልጋና ቴሌቪዥን ገብቶለት ገስት ሀውስ ስለተባለ ብቻ ከሁለት ዓመት ውል፣ ከተመን፣ ከምዝገባ ነፃ የሚወጣ ከሆነ፣ ቁጥጥሩ በጠበቀ ቁጥር አከራዮች ወደዚያ መሸሻቸው አይቀርም።

ሌሎች ከተሞች ይህን በር የዘጉት ዘግይተው ነው። ባርሴሎና ከ10 ሺህ የሚበልጡ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን በአውሮፓውያኑ 2028 ጨርሳ ለመሰረዝ የወሰነችው ነዋሪው አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ከአውሮፓውያኑ መስከረም 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ባለቤቱም ከእንግዳው ጋር በቤቱ እንዲኖር አስገድዳለች። ባሕር ዳር የእነሱን ያህል ቱሪስት የላትም፤ መከልከልም አያስፈልጋትም። ጡረታ የወጣች እናት ትርፍ ክፍሏን ለእንግዳ አከራይታ ብታድር ማንም ሊከለክላት አይገባም። ሙሉ ፎቅ ከነዋሪ ነጥቆ ለአዳር ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃዱም ግብሩም ሊለይ ይገባዋል።

ግንቦት 3 ቀን 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተማዋን በወንዙ ማዶ ለማስፋት አመቻችቷል። በዚያ በኩል የሚወጣው ቦታ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው አሁን ነው። የክልሉ ምክር ቤትና የከተማው አስተዳደር እንግዳው ሳይመለስ በአዳር የሚከራየውን ቤት ሁሉ ይመዝግቡ፤ በዝግ ሒሳብ ገንዘባቸው ለሚሟሟ ማኅበራት ቦታውን ያስቀድሙ፤ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችንም ከዳርቻው ሳያርቁ ቤት ይሥሩላቸው። ተከራዩም አከራዩም ዛሬ በቃል ያለውን ውል በጽሑፍ ያድርጉት፤ ለዚህ የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያሻም።