የሚረጋ ዘይት ከየት ይመጣል? የእስያ ጂኦግራፊ በዋግ ኽምራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ኢትዮጵያ ናት፤ የ10ኛው ደግሞ አፍሪካ። የመሬት ገጽታ፣ የአየር ንብረት፣ የተፈጥሮ ሀብት፣ ሕዝብ፣ ኢኮኖሚ እያለ መጽሐፉ ለሁለቱም በተርታ ይዘልቃል። እስያ እንዲህ ያለ የራሷ ዓመት የላትም። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በአህጉር መከፈሉ ይቀርና በርዕሰ ጉዳይ ይሆናል፤ የአህጉራት አፈጣጠር፣ የዓለም የአየር ንብረት ቀጠናዎች፣ የሕዝብ ዕድገት፣ በሀብት ላይ የሚነሱ ግጭቶች። ከዓለም ሕዝብ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው የሚኖርባት አህጉር በየምዕራፉ ብቅ ጥልቅ ስትል ትታያለች። የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠ ተማሪ ያንንም አያገኝም፤ ጂኦግራፊን የሚሰናበተው አፍሪካ ላይ ነው።

ይህ ለሀገሪቱ ሁሉ የጋራ ነው። ዋግ ኽምራ ላይ ግን ተጨማሪ ሸክም አለ። ብዙ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኽምጣና ነው፤ ከተማ ሲወጣ አማርኛ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ። ስለ ሞንሱን የሚማረው በሦስተኛ ቋንቋው ነው ማለት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በአካባቢው ሲያልፍ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ክፍሎችን ዘግቷል። የግድግዳ ካርታና ሉል ከጠፋው ዕቃ መካከል ሲቆጠሩ የሚያስታውሳቸው የለም።

እስያን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተማር ራሱ ግን ቆየት ያለ ሙከራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1923 የወጣው ሕገ መንግሥትም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተቀረጸ ነበር። ያን ዘመን የጻፉትን ሰዎች ያስጨነቃቸው ጥያቄ ጃፓን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ባለ ፋብሪካ ሆነች የሚል ነበር፤ ጥያቄው ዛሬም ክፍል ውስጥ ቢነሳ ከየትኛውም የዋና ከተሞች ዝርዝር ይበልጥ ያከራክራል። ቀጥሎ እስያ ራሷ መጣች። በንጉሡና በደርግ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን፣ ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች፣ ለአንድ ትውልድ ሒሳብና ሳይንስ ያስያዙ ናቸው። አነጋገራቸውን እስካሁን እያስመሰለ የሚያስቅ ጎልማሳ በየከተማው አይጠፋም፤ ስለመጡበት አገር የጠየቃቸው ተማሪ ግን ጥቂት ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ገባ፤ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ መምህሩ ዳር ቆመ፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ።

ካርታውም ሉሉም ፕላዝማውም በሌለበት ምን ይቀራል? ገበያው ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው፦ በዋግ እስያን ማስተማር የሚቀለው ሰዉ እጅ ላይ ካለው ዕቃ ተነስቶ ወደ ተሠራበት ምድር በመሄድ ነው።

ቢጫውን ጀሪካን እንውሰድ። ውኃ ይቀዳበታል፣ ጠላ ይገለበጥበታል፣ አህያ ላይ ይጫናል። ሲገዛ የነበረበት የፓልም ዘይት ነው፤ ሸማቹ «የሚረጋ ዘይት» የሚለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን ይረጋል የሚል ይሁን። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠጥር ስብ የበዛበት ነው፤ የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ያው ጀሪካን ወደ ዝቋላና አበርገሌ ወረዳዎች፣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ ፈሳሽ ይሆናል። ደጋና ቆላ በአንድ ዕቃ ተማሩ ማለት ነው፤ ገና እስያ አልደረስንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ዛፉ የት ይበቅላል የሚል ነው። ፓልም ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሞቅና ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚያገኝ መሬት ይፈልጋል። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ሁለቱ ብቻ ከዓለም ምርት ከ80 በመቶ በላይ ያወጣሉ። ሱማትራና ቦርኒዮ የሚባሉት ደሴቶች የጥንት ደናቸው ተመንጥሮ ለዚህ ዛፍ ቦታ ለቋል። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ቢቆይ ዘይቱ ስለሚበላሽ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት፤ ስለዚህ መጭመቂያው ፋብሪካ ከእርሻው መራቅ አይችልም። ፋብሪካ ለምን እዚህ ሆነ ለምን እዚያ አልሆነም የሚለው የጂኦግራፊ ትልቅ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም።

ከዚያ መንገዱ። መርከቡ በማላካ ወሽመጥ ወጥቶ የሕንድ ውቅያኖስን ያቋርጣል፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ጅቡቲ ያራግፋል። ከጅቡቲ የጭነት መኪና በሚሌ አድርጎ ወልድያ፣ ከወልድያ ሽቅብ ወደ ዋግ። ተማሪዎቹ መሬት ላይ በጠመኔ ቢስሉት ይበቃቸዋል። በመጨረሻም ዋጋው፦ በዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይት ከገበያ ሲሸሽ ኢንዶኔዥያ ከሚያዝያ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ፓልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። በዚያው ዓመት የዘይት ዋጋ እዚህ ምን እንደነበር ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ እናቶቻቸውን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ትልቅ ማገናኛ ዝናብ ነው፤ እንደ እኔ እምነት ለዋግ ከዕቃውም ይበልጣል። የሕንድ ሞንሱንና የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አብረው የሚመጡ ዘመዳሞች ናቸው። በእነዚሁ ወራት የእስያ ምድርና የቲቤት አምባ ሲግል ከላይ የሚነሳው የምሥራቅ ነፋስ የሕንድን ክፍለ አህጉር አልፎ የአፍሪካ ቀንድ ድረስ ይነፍሳል፤ ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ሲነሳ ሁለቱም የመድከም ጠባይ አላቸው። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ነበር። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ታልሞ ከተማይቱን ስም ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ይፋ ሲሆን፣ ዝናቡ በዚያው ወር እየራቀ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ፈለገ፤ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት የሚናገረው ምዕራፍ እዚህ ሲደርስ ዝም ብሎ የሚነበብ ገጽ አይሆንም፤ ተማሪው የሚያስታውሰው ዓመት ነው፤ እሱ ባያስታውስ ታላቁ ያስታውሳል።

ስልክ፣ ባጃጅ፣ የጭነት መኪና ላይ ብዙ አልቆይም። ቴክኖና አይቴል የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ትራንሽን ይባላል፣ መቀመጫው ሼንዘን ነው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገጣጥማል። ባጃጅ የሕንዱ የፑኔ ከተማ ኩባንያ ሥራ ነው። አይሱዙ ጃፓን። ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት የሚመቸው ሼንዘን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስትባል ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሆንግ ኮንግ አጠገቧ፣ ባሕሩ ደጃፏ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከእሷ ጋር ቢያነጻጽሩ ተማሪዎቹ ብዙ ያያሉ። ወደብ ሩቅ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ራሱ ከእስያ ይመጣል፤ አሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን ስትነሳ ደግሞ ገዢው ሸሸ። የጉልበት ዋጋ ርካሽ መሆኑ ብቻውን ፋብሪካ እንደማያቆም በዚህ ይታያል።

ደግሞ እስያ ዕቃ ብቻ አልላከችም። ከዋግ ቆላ ጋር የሚዋሰነው የተከዜ ግድብ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በቻይና ተቋራጭ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። የተጠራቀመው ውኃ ከብት ሲያረባ ለኖረ ሰው ዓሣ ማስገርን አስተማረ። በክልሉ ሌላ ጫፍ፣ ፎገራ ላይ፣ የሩዝ እርሻ ሲጀመር የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩበት፤ የእስያን ሩዝ በረግረግ ምድር የሚያይ ተማሪ ቻይና መሄድ አያስፈልገውም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከዚህ የሚወጣው ነው። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ቆላ የዕጣን ዛፍ አለ። በበጋ ግንዱ በስለት ይነካል፣ የሚወጣው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል፣ በዓይነትና በጥራት ይለያል፣ ከዚያም ወደ ቻይናና ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን የሚጤነውም ከዚያው ዛፍ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ዛፉ በከብት ግጦሽ፣ በእሳትና ያለ ዕረፍት በመበጣቱ ምክንያት ችግኙ ስለማያድግ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ብሏል። ሱማትራ ላይ ደን እየተመነጠረ ፓልም ይተከላል፤ እዚህ ደግሞ የተከበረ ዛፍ ተተኪ አጥቶ ያረጃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ መምህር የምርትን ትምህርት ጨረሰ። የአበርገሌ ፍየልና ማሾም አሉ፤ የኢትዮጵያ የፍየልና የበግ ሥጋ ዋና ገዢዎች ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ናቸው፣ ማሾውን ሕንድና ኢንዶኔዥያ ይገዛሉ።

ሳዑዲ እስያ መሆኗን የሚዘነጋ ተማሪ ብዙ ነው፤ ለእሱ «ዓረብ አገር» ናት። ግን ከእስያ ሁሉ ዋግ በቅርብ የሚያውቃት እሷን ነው፤ ከየሰፈሩ የሄደ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ ከዚያም በኋላ ማባረሩ አልቆመም። የሚሄዱበት መስመር በጅቡቲ ኦቦክ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በረሃ ወደ ሳዑዲ ድንበር ነው። ባሕሩ፣ በረሃውና ጦርነቱ ሁሉም የጂኦግራፊ ርዕስ ናቸው። መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ይህን ካርታ ከደላላ አፍ ሰምቶ ከመነሳቱ በፊት 10ኛ ክፍል ሳይጨርስ እናንተ አስተምሩት፣ የመጽሐፉ ተራ ባይደርስም።