በሜይንፍሬም አሴምብለር የስትሪንግ አያያዝና የሜሞሪ ስህተት ፍለጋ

በሜይንፍሬም አሴምብለር ቋንቋ ስትሪንግ ማለት በሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ባይቶች ናቸው። የት እንደሚጀምሩ አድራሻው ይናገራል፤ የት እንደሚያበቁ ግን ከባይቶቹ መካከል የሚናገር የለም። ርዝመቱ የሚገኘው በትእዛዙ ውስጥ፣ በሬጅስተር ላይ ወይም ከጽሑፉ በፊት በተቀመጠ ቁጥር ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥም የሜሞሪ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ሲፈለግ የርዝመት ስህተት ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

መሠረቱ የተጣለው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ባደረገው ሲስተም/360 ነው። ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላውና ፍሬድ ብሩክስ የመሩት ንድፍ ባለ 8 ቢት ባይትን መደበኛ አደረገ፤ ኤብሲዲክ የተባለውን የፊደል ኮድም ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ የተነደፉት የስትሪንግ ትእዛዞች ዛሬም ይሠራሉ። ዋነኛው ባይቶችን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚቀዳው ኤምቪሲ ነው። ትእዛዙ 6 ባይት ሲሆን ሁለተኛው ባይት ርዝመቱን ይይዛል። ነዳፊዎቹ ርዝመቱ አንድ ተቀንሶለት እንዲጻፍ ወሰኑ፦ 0 ተጽፎ ከሆነ 1 ባይት፣ 255 ተጽፎ ከሆነ 256 ባይት ይቀዳል። ለማሽኑ ብልህ ቁጠባ ነበር፤ ለፕሮግራመሩ ግን እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ጉድጓድ ሆኗል።

ርዝመቱ ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ኤምቪሲ የሚፈጸመው ኢኤክስ በተባለ ሌላ ትእዛዝ በኩል ነው። ኢኤክስ የአንድን ሬጅስተር የመጨረሻ 8 ቢት ከርዝመቱ ባይት ጋር አዋህዶ ትእዛዙን ያስፈጽማል። 30 ባይት የተመደበለት የስም መስክ አለ እንበል። ፕሮግራሙ የስሙን ርዝመት ሬጅስተር ላይ ይጭናል፣ አንድ ይቀንሳል፣ ከዚያ ኢኤክስን ይጠራል። አንድ ቀን ስሙ ባዶ የሆነ መዝገብ ይመጣል። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ሬጅስተሩ ከዳር እስከ ዳር በ1 ቢት ይሞላል፤ የመጨረሻዎቹ 8 ቢቶች 255 ይሆናሉ፤ 256 ባይትም ይቀዳል። 30ው መስኩን ሲሞላ የቀረው 226 ባይት ጎረቤቶቹን ያጠፋል። መድኃኒቱ ከመቅዳት በፊት ርዝመቱ ዜሮ መሆን አለመሆኑን መፈተሽ ብቻ ነው። ስህተቱ ሲፈለግ ግን ጥፋተኛው በቀላሉ አይታይም፤ ኢኤክስ በሜሞሪ ላይ ያለውን ትእዛዝ ስለማይለውጠው፣ የኤምቪሲው የርዝመት ባይት ፕሮግራሙ ሲወድቅ በሚወጣው የሜሞሪ ቅጂ፣ ማለትም በዳምፑ ላይ ዜሮ እንደሆነ ይታያል። እውነቱን የሚናገረው ሬጅስተሩ ነው።

ሌሎቹም ትእዛዞች የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ቲአርቲ በጽሑፍ ውስጥ ኮማን ወይም ክፍት ቦታን ሲያገኝ አድራሻውን በሬጅስተር 1 ላይ ያኖራል፤ ካላገኘ ግን ሬጅስተሩን አይነካውም። ውጤቱን ሳይፈትሽ የሚቀጥል ፕሮግራም በአሮጌ አድራሻ ይሠራል። ከሲስተም/370 ጋር የመጣው ኤምቪሲኤል እስከ 16 ሜጋባይት ይቀዳል፤ አራት ሬጅስተር ስለሚወስድ ከአራቱ አንዱ በትክክል ካልተሞላ ጥፋቱም በዚያው መጠን ይሰፋል።

ማሽኑ ሜሞሪን ከእንዲህ ያለ ጥፋት የሚከላከለው በቁልፍ ነው። እያንዳንዱ የሜሞሪ ክፍል፣ በ360 ጊዜ 2,048 ባይት፣ በኋላ 4,096 ባይት፣ ባለ 4 ቢት ቁልፍ አለው፤ ፕሮግራሙም የራሱን ቁልፍ ይዞ ይሠራል። ሁለቱ ሳይገጥሙ ለመጻፍ ሲሞከር ማሽኑ ሥራውን ያቋርጣል፤ ሲስተሙም ኤስ0ሲ4 የተባለውን አቤንድ፣ ማለትም ያልተለመደ መቋረጥ፣ ያወጣል። ነገር ግን ተራ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በቁልፍ 8 ስለሚሠሩ፣ በራሱ ክልል ውስጥ የጎረቤቱን መስክ የሚያጠፋ ፕሮግራምን ቁልፉ አያስቆመውም። እንዲህ ያለው ስህተት ስሙን ቀይሮ ይመጣል። የጠፋው የፕሮግራሙ ኮድ ከሆነ ኤስ0ሲ1፣ የሒሳብ ቁጥር ከሆነ ኤስ0ሲ7 ሆኖ ብዙ ቆይቶ ብቅ ይላል። ወዲያው የሚቆም ስህተት ከዝምተኛው ይሻላል።

ዳምፕ ማንበብ የሚጀምረው የፕሮግራሙን የአፈጻጸም ሁኔታ ከሚይዘው ከፒኤስደብሊው ነው። እዚያ ያለው አድራሻ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ከወደቀው ትእዛዝ ቀጥሎ ያለውን ነው። አድራሻው 00021458፣ የትእዛዙ ርዝመት 6 ከሆነ፣ የወደቀው ትእዛዝ 00021452 ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ 00021000 ላይ ከተጫነ አሴምብለሩ ባወጣው ሊስቲንግ ላይ 452 ይፈለጋል። ምክንያቱ የሌለ ገጽ መነካቱ ከሆነ ግን ፒኤስደብሊው የሚጠቁመው ትእዛዙን ራሱን ነው፤ ይህን የረሳ መርማሪ አንድ ትእዛዝ ወደኋላ ሄዶ ንጹሑን ይከሳል። ቀጥሎ ሬጅስተሮቹ ይታያሉ። አድራሻ መያዝ የነበረበት ሬጅስተር 40404040 ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው፦ በኤብሲዲክ 40 ክፍት ቦታ ስለሆነ፣ በክፍት ቦታ የተሞላ ስትሪንግ አድራሻው ላይ ፈስሷል። ሬጅስተር 13 የሚያመለክተው 72 ባይት ያለው የማስቀመጫ ቦታ ሲጠፋም የመመለሻው አድራሻ አብሮ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ወዳልታሰበ ቦታ ይዘላል።

የቆመበት ቦታ ተገኘ ማለት ግን ያጠፋው ተገኘ ማለት አይደለም፤ የሥራው ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ስህተቱን መድገም ከተቻለ ኃይለኛው መሣሪያ ስሊፕ የተባለው የሲስተሙ ወጥመድ ነው። አንድ አድራሻ ሲለወጥ እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ማሽኑ ራሱ ፐር በተባለው የክትትል ስልቱ አማካይነት ጸሐፊውን ይይዛል። የግብይት ፕሮግራሞችን የሚያስተናግደው ሲአይሲኤስ በሚመድባቸው ቦታዎች ዳርና ዳር ምልክት አኑሮ መጥፋቱን ይመረምራል። በኮቦል ደግሞ ኤስኤስሬንጅ የተባለው የኮምፓይለር አማራጭ ከመስክ የሚወጣን ጠቋሚ ይይዛል፤ በሙከራ ጊዜ ሳይበራ መቅረት የለበትም።

የአድራሻ ማደግም የራሱን ስህተት አምጥቷል። አድራሻ 24 ቢት በነበረበት ዘመን ፕሮግራመሮች በትርፉ 8 ቢት ላይ ምልክት ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ በሆነው ሲስተም/370 ኤክስኤ አድራሻው 31 ቢት ሲሆን ያ ምልክት የአድራሻው አካል ሆኖ ተነበበ፤ ለዓመታት ደህና የሠራ ኮድም በኤስ0ሲ4 ወደቀ።

ዛሬ የርዝመት ጥያቄ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ በኩል በአዲስ መልክ መጥቷል። በኤብሲዲክ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ፊደል ቆጥሮ ባይት የሚመድብ አሮጌ ኮድ ርዝመት ሳይፈትሽ ከቀዳ ጎረቤቱን ያጠፋል፤ ፈትሾ ከቆረጠም ፊደል መሀል ላይ ይቆርጣል። 20 ባይት ባለው የስም መስክ የሚገባው ስድስት የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው፤ ከሰባተኛው ሁለት ባይት ገብቶ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል።